«ሪገት»ን ወደ አማርኛ ሰብታይትል ስንመልስ፦ የሄልመርን ስዊድንኛ ከዴንማርክኛው እንዴት እንለየው?

ምሽት_ሲኒማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዴንማርካዊውን ዳይሬክተር የላርስ ፎን ትሪየርን የቴሌቪዥን የሆስፒታል ድራማ «ሪገት»ን ለአንድ የፊልም ክበብ ወደ አማርኛ ሰብታይትል እየመለስን ነው። ለጊዜው የያዝነው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ነው። የማሳያ ፈቃዱን አግኝተናል። የቀረን ትርጉሙ ነው፤ ያስቸገረንም እሱ ነው።

የምንሠራው ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ የሁሉንም ሰው ንግግር አንድ ወጥ አድርጎታል። ስዊድናዊው ዶክተር ሄልመር በራሱ ቋንቋ እየጮኸ፣ ዴንማርካውያኑ በራሳቸው ቋንቋ እየመለሱለት፣ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ሁሉም በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ይመስለዋል። ግማሹ ሳቅ እዚያ ላይ ይቀራል።

ጥያቄዎቼ፦ ሁለቱን ቋንቋዎች በአማርኛ በምን እንለያቸው? «አንተ» እና «እርስዎ»ን ለማን እንስጥ? ምስሉ በየሁለት ሰከንዱ ስለሚዘል ጽሑፉን ከምኑ ጋር እናስኪደው? ርዕሱንስ ምን እንበለው?

ኦሬሱንድ፦

በቋንቋው ልጀምር። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ዴንማርካዊና ስዊድናዊ እየተግባቡ የማይግባቡ ሰዎች መሆናቸውን ነው። አንዱ የሌላውን ጋዜጣ ብዙም ሳይቸገር ያነባል። ንግግር ላይ ሲደርሱ ግን ዴንማርክኛ ተነባቢዎቹን ይውጣል፣ ድምፁንም መሐል ላይ ጉሮሮ ውስጥ ቆረጥ ያደርገዋል፤ ስዊድንኛ ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ዜማ ይሄዳል። ስለዚህ ሄልመር «አልገባኝም» ሲል አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ መስማት ስላልፈለገ ነው። ሄልመርን የሚጫወተው ኤርንስት-ሁጎ ዬሬጎርድ የትኛው የትኛው እንደሆነ በፊቱ ያሳያል፤ ሰብታይትሉ ያንን መሸፈን የለበትም።

ቋንቋዎቹን የማይችል ተርጓሚ በጆሮው የሚለይበት ቀላል ምልክት አለ። የአሉታ ቃሉን («አይደለም» የሚለውን) አድምጡ። «ኢንተ» ካለ ስዊድንኛ ነው፤ «ኢገ» ካለ ዴንማርክኛ ነው። «እኔ» ለማለት «ያ» ካለ ስዊድንኛ፣ «ያይ» ካለ ዴንማርክኛ። በነዚህ አራት ድምፆች ብቻ እያንዳንዱን መስመር ምልክት ልታደርጉበት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ አማርኛው። ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ቀለም ነው፤ የሄልመርን በቢጫ ማድረግ። እዚህ ፊልም ላይ አይሠራም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ሌላ ሰው ያብራራው ይሆናል፣ ባጭሩ ግን ምስሉ ራሱ ቢጫ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ጽሑፉን ማዘንበል ነው። የላቲን ፊደል ሲዘነብል ያምርበታል። ፊደላችን ግን ለዚያ አልተሠራም፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ለ» እግራቸው ተጣሞ ከሩቅ ይምታታሉ።

የሚሠራው የአነጋገር ደረጃን መለየት ነው። ሄልመር በተሟላ፣ በደረቀ፣ መጽሐፍ በሚሸት አማርኛ ይናገር፦ «ይህን ምርመራ ያዘዘው ማን ነው?» ዴንማርካዊው በከተማ አፍ ይመልስ፦ «እኔ ነኛ፣ ምነው?» እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ ከሦስት ልውውጥ በኋላ ልዩነቱን ያለ ምንም ምልክት ይሰማዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ለሄልመርም ሆነ ለዴንማርካውያኑ የአገራችንን የአንድ አካባቢ ዘዬ አትስጡ። ቀልዱ ስለ ሁለት ጎረቤት አገሮች የቆየ ኩራት ነው። ወደ እኛ ሰፈር ካመጣችሁት አዳራሹ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ከሌሎቹ ተነጥሎ ይሰደባል፣ ሥራውም ያላሰበውን ነገር ይናገራል።

ከዚያ ጣራው ላይ ወጥቶ የሚጮኸው። ሄልመር ከሆስፒታሉ አናት ላይ በመነጽር ባሕሩን ተሻግሮ ስዊድንን ያያል። የሚያያቸው ማማዎች የባርሴቤክ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ናቸው፤ ከኮፐንሃገን 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል፣ ዴንማርካውያን ለዓመታት ይዘጋ እያሉ የተቃወሙት፣ በ2005 ሥራ ያቆመ። ለሱ የአገሩ ጠባቂ ሆነው ይታዩታል። ተመልካቹ ይህን ካላወቀ ስለ ፕሉቶኒየም የሚናገረው ቃል ሜዳ ላይ ይወድቃል። ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉላቸው፤ ትዕይንቱ ላይ ለማብራራት ጊዜ የለም።

መጨረሻ ላይ የሚወረውረው ስድብ «ዳንስክዬቭላር» ነው። ስዊድንኛ ስድቡን የሚቀዳው ከሰይጣን ነው፤ ቃል በቃል «የዴንማርክ ሰይጣኖች» ማለት ነው። በ«ውሾች» ወይም በ«ደደቦች» አትለውጡት። ሰውዬው ጣራ ላይ ሆኖ ሰይጣን የሚላቸው ደጋግ፣ ሰነፍ፣ ቡና ጠጪ ባልደረቦቹን ነው። እውነተኛው ክፉ ግን ከበታቹ፣ በአሳንሰሩ ጉድጓድ እየወጣ ነው። ቃሉን ከለወጣችሁ ያ ክር ይበጠሳል።

ባለ_ፊደል፦

ስለ «አንተ» እና «እርስዎ» ዋናው ጽሑፍ አይረዳችሁም። ሁለቱም አገሮች በዕለት ንግግር የአክብሮት መጠሪያውን ትተው ሁሉንም «ዱ» ይላሉ። ስለዚህ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው፤ እንግሊዝኛውም ያንኑ ያህል ባዶ ነው። ትርጉም ከመጀመራችሁ በፊት ማን ለማን ምን እንደሚል በአንድ ወረቀት ላይ ጨርሱ። አለበለዚያ ሁለት ተርጓሚ ሁለት ክፍል ሲካፈል አንዱ ሐኪም በክፍል 2 «እርስዎ»፣ በክፍል 3 «አንተ» ሲባል ይገኛል።

እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። ሄልመር ለሁሉም «አንተ» እና «አንቺ»። የክፍሉ ኃላፊ ሞስጎርድ ለሄልመርም «አንተ»፣ ግን በወዳጅነት፤ ሰውየው ሁሉም ደስ ብሎት እንዲሠራ የሚፈልግ፣ ተለጣፊ የሚያከፋፍል ኃላፊ ነው። ሄልመርን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሐኪሙ ክሮግሾይ ደግሞ በመጀመሪያ «እርስዎ» ይበል፤ ሄልመር ሞና የምትባለውን ልጅ በቀዶ ሕክምና አእምሮዋን እንደጎዳት የሚያሳየው የማደንዘዣ ሪፖርት ጉዳይ ሲገፋ «አንተ» ወደ ማለት ይውረድ። ያቺ አንዲት ለውጥ አንድ ገጽ ንግግር ትተካለች። አማርኛ እዚህ ላይ ከዴንማርክኛው የበለጠ መሣሪያ አለው፤ ተጠቀሙበት።

ወይዘሮ ድሩሰ ታላቁ ጉዳይ ናት። አስመሳይ ሕመምተኛ ናት፤ ነርቭ ክፍል እየተኛች መናፍስት የምትፈልግ አሮጊት። ነርሶቹ «እማማ ድሩሰ» ይበሏት፣ «እርስዎ» እያሉ። የሆስፒታሉ ተላላኪ የሆነው ልጇ ቡልደር «እማዬ» ይበላት፤ ትልቅ ሰው፣ ግዙፍ ሰው ነው፣ ግን በእናቱ ትእዛዝ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሄልመር ሲጠራት «አንቺ ሴትዮ» ነው። አንድ አማርኛ ተናጋሪ አሮጊት «አንቺ ሴትዮ» ስትባል ሲሰማ ሆዱ ይቆጣል፤ ያ ቁጣ ትክክለኛው ስሜት ነው። ድሩሰ ራሷ ደግሞ በአሳንሰሩ ውስጥ ስታለቅስ የሰማቻትን፣ የሞተች ልጅ መንፈስ የሆነችውን ትንሿን ማሪን «ልጄ» ትበላት። ፊልሙ ውስጥ ለዚያች ልጅ የሚራራላት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

ምድር ቤት ሳህን የሚያጥቡት ሁለቱ የዳውን ሲንድረም ያለባቸው ወጣቶች ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። እነሱ የሚናገሩት ሌላው ሰው ያልደረሰበትን ነው፤ ሕንፃው ምን እንደታመመ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በልጅ አፍ አታናግሯቸው። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ንጹሕ አማርኛ፣ ያለ ማጋነን። ካሜራውም እነሱ ዘንድ ሲደርስ ረጋ ይላል፤ ጽሑፉም ይርጋ።

ሞስጎርድ ሠራተኞቹን ለማነቃቃት የጀመረውን «ኦፕሬሽን የማለዳ አየር» «የማለዳ አየር ዘመቻ» በሉት። «ኦፕሬሽን» በዴንማርክኛ ቀዶ ሕክምናም ዘመቻም ነው፤ አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል አይዝም፣ አንዱን መተው ግድ ነው። «ዘመቻ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ግን መፈክሩም፣ ስብሰባውም፣ ከላይ የመጣው ጉጉትም አብሮ ይመጣል። ያተረፍነው ካጣነው ይበልጣል።

ምሽት_ሲኒማ፦

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። «አንቺ ሴትዮ» የሚለውን ወስጃለሁ። ፕሮፌሰር ቦንዶ በጉበቱ ጉዳይ ከሟች ቤተሰብ ጋር የሚያደርገው ንግግርስ? ሕጋዊ ቃላቱ ከባድ ናቸው። የሰዓት አጠባበቁን የሚያውቅም ካለ እጠብቃለሁ።

የአርትዖት_ጠረጴዛ፦

በቦንዶ እጀምርና ወደ ሰዓቱ እሄዳለሁ። የዚያ ታሪክ ሳቅ የሚቆመው በሕግ ሎጂክ ላይ ስለሆነ ቃላቱ መጥራት አለባቸው። ፓቶሎጂስቱ (በሽታን ከአካል ናሙና የሚመረምረው ሐኪም) ቦንዶ የሚፈልገው ብርቅ የሆነ የጉበት ሳርኮማ፣ ማለትም የካንሰር ዕጢ ነው። ቤተሰቡ ለምርምር አንሰጥም ይላል። ለምርምር መስጠትና ለንቅለ ተከላ መስጠት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የታመመውን ጉበት በራሱ ሰውነት ውስጥ ያስተክላል፤ ዕጢው በሕግ የሱ እንዲሆን። ለ«ምርምር» እና ለ«ንቅለ ተከላ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነዚሁኑ ሁለት ቃላት ብቻ ተጠቀሙ። አንድ ጊዜ «ጥናት»፣ አንድ ጊዜ «ልገሳ» ካላችሁ ተመልካቹ ወጥመዱን አያየውም፣ ቦንዶም እብድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እብድ አይደለም፤ ለሥራው ራሱን የሰጠ ሰው ነው። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

አሁን ሰዓት። በተለመደው ፊልም ሰብታይትል ምስሉ ሲቆረጥ አብሮ ይጠፋል። እዚህ እንዲህ ካደረጋችሁ ዓይን ይታመማል። «ሪገት» በእጅ በተያዘ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነው የተነሳው። ተዋንያኑ አንዱን ትዕይንት ደጋግመው በተለያየ ስሜት ተጫውተውታል፣ አርትዖቱም ከእያንዳንዱ የተሻለውን ቆርጦ ገጣጥሞታል፤ እጅ የት እንደነበረ፣ ሰው ወዴት እንደሚያይ ሳይጨነቅ። በዚህ አሠራር የአሜሪካው የፖሊስ ድራማ «ሆሚሳይድ» መንገድ ከፍቶለታል። ምስሉ ይዘላል፣ ድምፁ ግን አይቋረጥም። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ጽሑፉ ድምፁን ይከተል፣ ቁርጡን አይከተል። ሰውዬው ሲናገር ይግባ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ይውጣ፤ በመሐሉ ምስሉ አራት ጊዜ ቢዘልም ጽሑፉ ካለበት አይንቀሳቀስ። መቁረጥ ያለባችሁ ቦታ ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከነርቭ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ።

ልክ፦ ቢበዛ 2 መስመር፣ በመስመር ከ30 እስከ 34 ፊደል። የእንግሊዝኛውን 42 አትከተሉ፤ የኛ ፊደል ሰፊ ነው፣ እያንዳንዱም ቀለም ሙሉ ድምፅ ይይዛል። በሰከንድ ከ12 ፊደል አትለፉ። ትንሹ ቆይታ 1 ሰከንድ፣ ትልቁ 6። በሁለት ጽሑፍ መሐል 2 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ባዶ ተዉ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን 80 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ያ ክፍተት ከሌለ ዓይን አዲስ ጽሑፍ መግባቱን አያስተውልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግሣችን ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። ጠዋት ስብሰባ ላይ ሄልመር ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሲቋረጥ በስዊድንኛው ግሡን አስቀድሞ ብሎታል፤ በአማርኛው ገና አልደረሰም። ተመልካቹ ምን ሊል እንደነበር ሳያውቅ ያልፋል። እንደዚህ ያሉ መስመሮችን ከፍላችሁ ግሡን ወደ ፊት አምጡት፦ «አልፈቀድኩም! ሲቲ ስካኑን...» እንደሚባለው። በንግግር እንዲህ እንላለን፣ ስለዚህ አይጎረብጥም። ሌላ ጊዜም አንድን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰብታይትል ስትከፍሉ ስሙ በአንዱ፣ ግሡ በሌላው እንዲቀር አታድርጉ።

ቀለሙ፦ ቀረጻው ወደ ቪዲዮ ተገልብጦ፣ በቪዲዮ ተቀነባብሮ፣ ለሲኒማ እንደገና ወደ 35 ሚሊ ሜትር የተመለሰ ነው። በዚያ ጉዞ ቀለሙ ታጥቦ ቡናማና ቢጫ ብቻ ቀርቷል፣ የምስሉ ነጠብጣብም ጎልቷል። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያለ ጥቁር ጠርዝ ይጠፋል፤ ቢጫ ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ። ነጭ፣ በዙሪያው ከ2 እስከ 3 ፒክሰል ጥቁር መስመር፣ ደመቅ ያለ ውፍረት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለዚህ ጥሩ ነው። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ደረጃ) አስቀምጡት፤ በሌላ ካስቀመጣችሁት ፊደሉ በጥያቄ ምልክትና በአራት ማዕዘን ሳጥን ይተካል፣ እሱም የሚታወቀው ማሳያው ቀን ላይ ነው።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ። የእንግሊዝኛው ፋይል ከሌላ ቅጂ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ ይርቃል። በ23.976 እና በ25 ፍሬም መሐል ያለው ልዩነት በአንድ ሰዓት 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። መጀመሪያውም መጨረሻውም እኩል ከተዛባ ማንሸራተት ይበቃል። መጨረሻው ብቻ ከራቀ ግን ሰዓቶቹን ሁሉ በ1.0427 ማባዛት ወይም ማካፈል አለባችሁ። ይህን ትርጉም ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት፤ በኋላ በእጅ የተስተካከለ ሁሉ ይበላሻል።

ኦሬሱንድ፦

ርዕሱን ማንም አልነካውም። «ሪገ» መንግሥት፣ ግዛት ማለት ነው፤ ቲዋ መጨረሻ ላይ ያለችው «-ው» ናት። ሕዝቡ የኮፐንሃገኑን ሪግስሆስፒታል ሲያቆላምጥ የሚጠራውም በዚሁ ነው። በቀጥታ ስንመልሰው «መንግሥቱ» ይሆናል፤ አማርኛ አንባቢ የሰው ስም ያነባል። «መንግሥት» ብቻ ካልን ደግሞ ስለ አስተዳደር ይመስላል። ስለዚህ «ሪገት»ን እንዳለ ተዉትና ከሥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ትርጉሙን ጻፉ። የሁለተኛው ክፍል የእንግሊዝኛ ርዕስ ግን ከአባታችን ሆይ የተወሰደ ነው፤ እሱን «መንግሥትህ ትምጣ» በሉት፣ የኛ አንባቢ ወዲያው ይይዘዋል። የዴንማርክኛው ርዕስ ሌላ ነው፣ ኅብረቱ ይጠራል እንደማለት ነው። እዚህ ላይ እኔ እንግሊዝኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሚመጣው መንግሥት የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

መግቢያው ላይ ስለሚነገረው ረግረግ መሬትም፦ ሆስፒታሉ ያለበት መንገድ ብሌግዳምስቫይ ይባላል፤ ጨርቅ አንጪዎች ሸማ የሚዘፈዝፉባቸው ኩሬዎች የነበሩበት ቦታ ስለሆነ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ተራኪው የሚናገረው ከዚያ ነው። የሚነጣውን ጨርቅ «ሸማ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ውሃውና እንፋሎቱ ለኛ ሰው ዓይን ይቀርባል። «ማንጻት» እና «ማንጣት»ን ግን አታምታቱ፤ አንደኛው ከኃጢአት ነው፣ ተራኪው ስለዚያ ገና አልተናገረም።

ባለ_ፊደል፦

ኋላ ቀጣዩን ለመሥራት ካሰባችሁ ዛሬ የምትወስኑት ሁሉ ይከተላችኋል። ሁለተኛው ዙር በ1997 ወጣ፣ አራት ክፍል። ከዚያ ዬሬጎርድ በ1998፣ ድሩሰን የተጫወተችው ኪርስተን ሮልፈስ በ2000 አረፉ፤ ታሪኩ በተንጠለጠለበት ቀረ። ሦስተኛው፣ «ኤክሶደስ»፣ በ2022 በአምስት ክፍል ሲመጣ የሄልመርን ልጅ ይዞ ነው የመጣው፤ ሚካኤል ፐርስብራንት ነው የሚጫወተው። ልጁም ስዊድንኛ ይናገራል፣ ዴንማርካውያኑም እንደ አባቱ ጊዜ በራሳቸው ቋንቋ ይመልሱለታል። ለአባቱ የሰጣችሁትን የደረቀ አማርኛ ለሱም መስጠት አለባችሁ፤ ዝምድናው በአፉ እንዲታወቅ። በሁለተኛው ዙር ስዊድናዊ ጠበቃ ሆኖ የመጣው ስቴላን ስካርስጎርድ ነው፣ በሦስተኛው ደግሞ ልጁ አሌክሳንደር በዚያው ዓይነት ሚና ይመጣል፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አነጋገር ይሁን።

ፋይል ስትፈልጉ ደግሞ ከአሜሪካው ቅጂ ጋር አታደባልቁ። ስቲቨን ኪንግ በ2004 ለኤቢሲ ቴሌቪዥን የሠራው «ኪንግደም ሆስፒታል» 13 ክፍል ነው፤ ታሪኩ በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ውስጥ ነው፣ የጨርቅ ፋብሪካ ቃጠሎ አለበት። የስሙ መመሳሰል ብዙ ፋይል አሳስቷል።

ምሽት_ሲኒማ፦

ርዕሱ ተወስኗል፣ «ሪገት» ይቆያል። የአክብሮት ወረቀቱን ነገ እንጀምራለን። የቀረኝ አንድ ነው፦ በየክፍሉ መጨረሻ ፎን ትሪየር ራሱ ቀርቦ የሚናገረውን እንተርጉመው ወይስ እንተወው? የሠሪዎቹ ስሞች በላዩ ላይ እየሄዱ ነው።

የአርትዖት_ጠረጴዛ፦

ይተርጎም፣ ያለ ጥርጥር። ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከመጋረጃ ፊት ቆሞ ተመልካቹን በቀጥታ የሚያነጋግርበት ነው፤ ከደጉም ከክፉውም ለመቀበል ተዘጋጁ ይላል፣ በእጁም በመጀመሪያ መስቀል ቀጥሎ ቀንድ ይሠራል። ጽሑፉን በ«እናንተ» አድርጉት፣ በደንበኛ አስተናጋጅ ትሕትና። የሚሄዱት ስሞች ከጽሑፋችሁ ጋር እንዳይጋጩ ሰብታይትሉን ለዚያ ደቂቃ ብቻ ወደ ላይ አውጡት። ግን ከእጁ በላይ ይሁን፤ ቀንዱን የሸፈነ ሰብታይትል ግማሹን ንግግር ሰርዟል። «ደጉ» እና «ክፉው» የሚሉት ቃላትም እጁ ሳይቀድም ስክሪኑ ላይ እንዳይታዩ፣ ሁለቱን በሁለት የተለያዩ ሰብታይትሎች ላይ አድርጓቸው።